ጉድለት የለም

እኛ የሽመና ክፍል ሴቶች አንድ ሕግ አለን። ተረኛሽ መጥታ እጇን ማሽኑ ላይ ሳታሳርፍና «ተረክቤያለሁ» ሳትል አንቺ እጅሽን አታነሺም። ሽንት ቢወጥርሽም፣ ቤትሽ እየተቃጠለ ነው ቢሉሽም አታነሺም። እሷ ቃሉን ካለች በኋላ ደግሞ አንድ ሰከንድ አትቆዪም። ከዚያ የርክክብ መዝገቡ ይከፈታል። የሚበጠስ ክር፣ የላላ ቡሎን፣ የሚንሸራተት ፍሬን ካለ ይጻፋል። ምንም ከሌለ «ጉድለት የለም» ተብሎ ይፈረማል። ሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ ኖሬ እጄ ከእኔ በላይ ሕጉን ያውቀዋል።

አንድ ቀን ብቻ ዋሽቻለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር አንድ ማሽን ላይ ነበርን፣ አሥራ አንድ ቁጥር ላይ፤ እኔ ጠዋት፣ እሷ ከሰዓት። የዚያን ዕለት ፍሬኑ ከጠዋት ጀምሮ ሲንሸራተት አይቻለሁ። ያንን ከጻፍኩ ግን መካኒክ እስኪመጣ ቆሜ መጠበቅ ሊኖርብኝ ነው፤ በር ላይ ደግሞ ብስክሌቱን ተደግፎ የሚጠብቀኝ አንድ ልጅ ነበር። «ጉድለት የለም» ብዬ ፈረምኩ። እማዬ እጇን አሳርፋ «ተረክቤያለሁ ጉንዳኔ፣ በይ ሂጂ» አለችኝ። ዋናው በር ሳልደርስ ጩኸቷን ሰማሁ።

ሁለት የቀኝ እጇ ጣቶች እዚያው ቀሩ። አጣሪዎቹ መዝገቡን ገለጡ፤ ጉድለት የለም ይላል። ስለዚህ ጥፋቱ የእሷ ሆነ፤ «በሠራተኛዋ ቸልተኝነት» ብለው ጻፉባት። ከማሽን አውጥተው መጥረጊያ አስያዟት፣ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አዳራሹን ጠረገች። አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳት። ባለብስክሌቱንም አላገባሁት፤ ቢያንስ እሱ እንኳ ቢሳካ ምን ነበር!

ሳትሞትብኝ ልነግራት እፈልግ ነበር። ነገሬ ሁሉ ይኸው ነው።

ኩባንያው ድሮ ብርድ ልብስ ነበር የሚሠራው፣ በቃ። ጠዋት ሱፍ ይገባል፣ ማታ ብርድ ልብስ ይወጣል፤ ባለቤቶቹ ያተርፋሉ፣ እኛ ደመወዝ እንቀበላለን፣ እንሰዳደባለን፣ ሰላም ነው። በኋላ ከውጭ እንደ ላባ የቀለለ ብርድ ልብስ መጣና የእኛን የሚገዛ ጠፋ። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ሊዘጋ ነው ብለን ጓዛችንን ስናስብ ስብሰባ ጠሩን። መድረኩ ላይ የቆመው ድሮ ሱፍ ሲመዝን የማውቀው ሰውዬ ነው፤ ሲቆጣም ሲያባርርም ስለሚስቅ ፈገግታው እንለዋለን። «ከእንግዲህ ኩባንያችን የሚኖረው ለትርፍ አይደለም» አለ። «ለሰው ነው። አንድ ኩባንያ ለኅብረተሰቡ ካልኖረ ለምን ይኖራል?» ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። እኔም አጨበጨብኩ፤ ደስ ይል ነበር እኮ!

መጀመሪያ ክሊኒክ ተከፈተ። ቀጥሎ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ውኃ። ቀጥሎ የመንገዱ መብራት፣ ከዚያም መቃብሩ። የከተማው ጽሕፈት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ ለጊዜው ብሎ የእኛ መጋዘን ውስጥ ገባ፤ በዚያው ቀረ። መታወቂያ ላሳድስ ብሄድ ማኅተሙ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ አየሁ። «ይሄ የኩባንያው ምልክት አይደለም እንዴ?» ብላት ልጅቷ ቀና ብላ «ሌላ ምን ምልክት አለ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እኔም ሌላውን ላስታውሰው አልቻልኩም።

ከማሽኖቹ የቀረው አሥራ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። አልቆመም። ክር የለበትም፣ ባዶውን ይሸምናል። ድምፁ ከጠፋ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ዕረፍት ያጣሉ ተብሎ ነው። እንደ ድሮው በሦስት ፈረቃ ሰው ይቆምለታል፤ ተረኛዋ እጇን ታሳርፋለች፣ «ተረክቤያለሁ» ትላለች፣ መዝገቡ ይፈረማል። በዚያ በኩል ሳልፍ እርምጃዬን አፈጥናለሁ።

በመጨረሻ የመጣው የቤተሰብ አገልግሎት ነው። ደክመው ቤት የዋሉ እናቶችና አባቶች ወደ ኩባንያው አዲስ ቤቶች ገቡ፣ እኛ ማሽን ያጣነው ደግሞ ጠያቂ ሆንን። ታጥባለሽ፣ ታበያለሽ፣ ታጫውቻለሽ። የራስሽን እናት ግን አይመድቡሽም። «የራስ ሰው ሲሆን እጅ ይሳሳል» አለ ፈገግታው። «ሲቆጧችሁ ትቆጣላችሁ፣ ስታኮርፉ ትቀራላችሁ። ጠያቂ ግን አትቀርም።» ሳቀ። እኛም ሳቅን። ልብ ላለው እኮ ስድብ ነበር።

እያንዳንዳችን ስለ እናታችን ቅጽ ሞላን። ቀልድ አይደለም፣ አርባ ገጽ ነው። ምን ትወዳለች? በየትኛው ጎኗ ትተኛለች? ስትገቢ በሩን እንዴት ታንኳኪያለሽ? ምን ብላ ትጠራሻለች? እኔ ደግሞ ከዚያ አደጋ ወዲህ መዝገብ ፊት ቀርቤ ያጎደልኩት ነገር የለም፤ እጄ እምቢ ይለኛል። ሁሉንም ጻፍኩት። በልጅነቴ በሩን በጥፍሬ ስለምቧጭር ጉንዳኔ እንደምትለኝ፣ ከመሳቄ በፊት ሳል እንደሚቀድመኝ፣ አረንጓዴ ሻርፕ እንደማዘወትር። የፍሬኑን ነገር ብቻ ተውኩት። እሱን የሚጠይቅ ቦታ አልነበረውም።

ለእኔ የደረሰችኝ አንዲት የቀድሞ ልብስ ሰፊ ናት፤ እማማ ነው የምላት። ዓይኗ እንደ እናቴ ዓይን ደክሟል፣ ጥላ ብቻ ነው የምታየው። የልጇን ቅጽ ሰጡኝ። ሦስቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት አድርጌ እንዳንኳኳ፣ ግራ እግሬን ትንሽ ጎተት እንዳደርግ፣ የልጇን ዓይነት ሻርፕ ጣል እንዳደርግ። ሕጉ ቀላል ነው፤ «ልጅሽ ነኝ አትበሉ፤ አይደለሁም አትበሉ። ልጄ ብትላችሁ አቤት በሉ።» ደግሞስ የትኛዋ አሮጊት ናት ሰውን ልጄ የማትል? ምን ክፋት አለው አልኩ።

መጀመሪያ አካባቢ «እንዴት አደሩ? ምሳ በሉ?» እያልኩ በአንቱታ ነበር የማናግራት። በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ማንኪያውን ገፋችውና «ምነው ተኳረፍን እንዴ?» አለችኝ። «ልጄ አንቱ ብላኝ አታውቅም።» «በይ ብዪ እማማ» አልኳት፣ በላች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሬ ከእሷ ቤት ውጭም መጎተት ጀመረ። ጎረቤቴ «ምን ነካሽ፣ ታመምሽ እንዴ?» ስትለኝ ነው ያወቅኩት።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት ፀጉሯን እያበጠርኩላት በሩ ተንኳኳ። ሦስቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት። ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ፤ የእኔ ማንኳኳት ነው እኮ፣ ታዲያ እኔ ውስጥ ነኝ! ከፈትኩ። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፣ ብርቱካን በፌስታል ይዛለች። «እናቴ ነቅታለች?» አለችኝ።

ከውስጥ «ማነው?» አለች እማማ።

ምን እንደነካኝ ልንገራችሁ? ቅናት ነው። ሦስት ወር ሙሉ ያጠብኳት፣ ያጎረስኳት፣ ስታለቅስ ያባበልኳት እኔ፤ ይቺ ደግሞ አምስት ብርቱካን አንጠልጥላ «እናቴ» ትላለች! «ቤት ተሳስተሻል እህቴ» አልኳት። ሴትዮዋ ሻርፔን አየች፣ ጫማዬን አየች፣ ዞራ ሄደች። ግራ እግሯን ትንሽ ጎተት ታደርጋለች። «ቤት የተሳሳተ ሰው ነው» አልኩ ለእማማ፣ ማበጠሩንም ቀጠልኩ።

እናቴ ጋስ አትሄጂም ነበር ትሉ ይሆናል። እሁድ እሁድ ነፃ ነበርኩ፤ ማንም አልከለከለኝም። በመጀመሪያው እሁድ ደክሞኝ ነው አልኩ፣ በሁለተኛው ዝናብ ነው አልኩ። እውነቱን ልናገርና ፈርቼ ነው። በሄድኩ ቁጥር ያንን ነገር ሳልናገር ተመልሼ እወጣለሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ ያንገበግበኛል። ስለዚህ መደወል አበዛሁ።

«እማዬ፣ እንዴት ነሽ?»

«ምነው አሁን ወጥተሽ አሁን ትደውያለሽ?» ብላ ሳቀች። «ሹራቡ እኮ ልክ ሆነኝ። እጅሽ ይባረክ።»

ሹራብ አልሰጠኋትም። አርጅታ ነው፣ ተምታቶባት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ስልኩን ሳልዘጋው ግን ከጀርባዋ አንዲት ሴት ስትስል ሰማሁ፤ ከዚያ ያቺ ሴት ሳቀች።

በቀጣዩ ሰኞ እማማ ጋ ስገባ ፊቴን ሳታይ በትንፋሼ አወቀችብኝ። «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። እንጃ ለምን እንደሆነ፣ ለባዕድ ሰው መናገር ይቀላል መሰለኝ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ማሽኑን፣ ፍሬኑን፣ ብስክሌቱን፣ የእናቴን ጣቶች። እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እማማ ጭንቅላቴን ዳበሰችኝና «ሂጂና ንገሪያት። እናት እኮ ናት» አለች። ሃያ ስድስት ዓመት የተሸከምኩት ድንጋይ ወረደልኝ። እነግራታለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ፈቃድ ጠይቄ እሄዳለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ከዚያ ጠያቂዎች በየፈረቃው መጨረሻ የምንሞላውን የጉብኝት መዝገብ አወጣሁ። «የተባለ ሁሉ ይጻፍ» ይላል ራስጌው ላይ። ዝለዪው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን አንዴ ዘልዬ እናቴን ጣቶቿን አሳጥቻታለሁ። ቁጭ ብዬ አንድም ሳላጎድል ጻፍኩት። የማሽኑን ቁጥር ሳይቀር። ፈረምኩ፣ አስረከብኩ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እንደዚያ ቀን ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ማክሰኞ የከሰዓት ፈረቃ ሊገባ ሲል ነበር የሄድኩት። አዲሶቹ ቤቶች ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ነጭ ግድግዳ፣ ሰማያዊ በር፣ ከበሩ ጎን የታጠፈ ብርድ ልብስ ምልክት። ከሩቅ አሥራ አንድ ቁጥር ባዶውን ሲያጓራ ይሰማል። በሩን በጥፍሬ ቧጨርኩ።

የከፈተችልኝ ከፈትል ክፍል የማውቃት ሴት ናት፤ ለሰላምታ ያህል እንተዋወቃለን። አረንጓዴ ሻርፕ ጣል አድርጋለች። አየችኝ፣ ጫማዬንም አየች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ እንዳታስቀይመኝ እየተጠነቀቀች፣ «ቤት ተሳስተሻል እህቴ» አለችኝ።

ዓይኔ ደም ለበሰ። «ዘወር በይ!» አልኳትና ገፍቻት ገባሁ።

እማዬ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ተጎንጉኗል፣ ጥፍሯ ተቆርጧል፣ ግራጫ ሹራብ ለብሳለች። ወፍራለች፤ ጉንጯ ሞልቷል። ፊቷን ወደ ጥላዬ አዞረች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ማን እኔ?»

«ጉንዳኔ ነኛ!»

ሳቀች፤ የሚያምር ሳቅ። «ጉንዳኔማ ይችውና አጠገቤ። አንቺ የማን ነሽ?»

ጉልበቷ ሥር ተንበረከክሁና ቀኝ እጇን፣ ያንን ሦስት ጣት የቀረውን እጅ ያዝኩት። አንድ የቀረኝ ነገር ነበር፤ ከእኔ በቀር ማንም ሊነግራት የማይችል የመሰለኝ። «እማዬ፣ ስሚኝ። አሥራ አንድ ቁጥር ላይ ፍሬኑ ሲንሸራተት አይቼ ነበር። እያወቅኩ ጉድለት የለም ብዬ ፈረምኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም። ይቅር በይኝ።»

እጇ ደረቀብኝ። ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

«እኔ ነኝ እኮ! ልጅሽ!»

«ይሄ የእኔና የልጄ ጉዳይ ነው» አለች። «ልጄ ነግራኛለች። ባለፈው ሐሙስ እዚህች አንቺ ያለሽባት ቦታ ወድቃ፣ እያለቀሰች፣ አንድ በአንድ ነግራኛለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምነው በነገረችኝ እያልኩ ስጠብቅ ነበር። ነገረችኝ። ይቅር አልኳት። አንድ ላይ አለቀስን፣ አለቀ፣ ተዘጋ።» ከዚያ አዘነችልኝ፤ ይሄ ነው የገደለኝ። ሦስቱን ጣቶቿን ጉንጬ ላይ አድርጋ «አንቺ ምስኪን» አለችኝ፣ «የሰው ጥፋት ተሸክመሽ ምን ያዞርሻል?»

ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። በሩን ዘግታ እዚያው ቆማለች። እሷም እያለቀሰች ነበር።

«ሰኞ ጻፍሽ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ስለ እናትሽ የተጻፈ ሁሉ ለእኔ ይላካል፤ ረቡዕ ደረሰኝ። አንቺ የጻፍሽው እኔ ካላየሁት ማን ይጠግነዋል? ሐሙስ ነገርኳት። አልቅሺ ብሎ ያዘዘኝ የለም፣ ከአንጀቴ ነው ያለቀስኩት።» አፍንጫዋን በሻርፗ ጠረገች። «እኔም እናት አለችኝ። ዓመት ሊሆነኝ ነው ካየኋት። ደህና ናት ይሉኛል።»

ልጮህ ፈለግሁ። ፀጉሯን ልነጭ፣ ያንን ሻርፕ ከአንገቷ ልነጥቅ ፈለግሁ። ግን ምን ብዬ? እኔ ራሴ ሌላ ቤት ውስጥ የሌላ ሰው ሻርፕ ለብሼ በር እዘጋ የለም?

የፈረቃው ሳይረን ነፋ። ሴትዮዋ እንባዋን ጠረገችና መጥታ ከወንበሩ ጀርባ ቆመች። እጇን እናቴ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

«ተረክቤያለሁ» አለች።

እጄ ተነሳ። እኔ አላዘዝኩትም። ያችን ሦስት ጣት ያላትን እጅ ለቀቀና በራሱ ተነሳ፤ እግሬም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ለመመለስ ሞከርኩ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ተረኛ ያሳረፈችበት ቦታ ላይ እጄን መልሼ አሳርፌ አላውቅም፤ እምቢ አለኝ።

«በይ ሂጂ» አለች እናቴ ወደ ጥላዬ፣ በደግ ድምፅ። «እናትሽ ትጠብቅሽ ይሆናል።»

ሴትዮዋ መዝገቡን ገልጣ ከእስክሪብቶ ጋር ዘረጋችልኝ። «ጉድለት ካለ ጻፊ» አለችኝ። የእውነቷን ነው፣ ፌዝ አልነበረም፤ ብጽፍ ሐሙስ ሳይደርስ ይጠግኑታል።

እናቴን አየኋት። እንደ ሸማኔ፣ ከላይ እስከ ታች አየኋት። ፀጉሯ ንጹሕ ነው። ጥፍሯ፣ ሹራቧ፣ ጉንጯ ደህና ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ግንባሯ ላይ ያየሁት ያ መስመር የለም፤ ይቅር ብላ ቀልሏታል። ፈለግኩ፣ ፈለግኩ፣ አንድም አጣሁ።

«ጉድለት የለም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ከዚያ እማማ እንዳትርባት ብዬ እየተጣደፍኩ ወጣሁ።